አመድ ያለበስኩት እሳት

አርብ፣ ጥር 13 ቀን 2014 ዓ.ም.

ዛሬ በረሃ ወጣን። እዚህ አረብ አገር ኮሮና ከገባ ወዲህ፣ ከምሠራበት የደስማ ሰፈር ቤት ለሽርሽር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። የአሠሪዬ የማዳም ባል ባባ እሳት አቀጣጥላለሁ ብሎ ክብሪቱን ሊጨርሰው ደረሰ። ትልልቁን ግንድ ከምሮ ነዋ! በማስኬ ውስጥ ስስቅ ቆየሁና አላስቻለኝም። "ባባ፣ እስቲ እኔ ልሞክር" አልኩት። ጭራሮ ለቃቅሜ ከሥር አደረግሁ፤ ማስኬን አውልቄ እፍ ስለው ቦግ አለ። ማዳም "ማስክሽን!" ማለቷን ረስታ እጇን እየሞቀች "የት ተማርሽው?" አለችኝ። ወሎ ተወልዶ ይሄን የማያውቅ አለ እንዴ! ሻይ ጣድኩ። ልጆቻቸው ረመጡ ውስጥ ድንች ቀበሩ። ፊቴን እስኪለበልበኝ ሞቅኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማዳም "እሳቱን አጥፊና እንሂድ" አለች። ረመጡን ሰብስቤ አመድ አለበስኩትና መኪና ውስጥ ገባሁ። ወደ ቤት ስንመለስ አርዲያ የሚባለውን ሰፈር ስናልፍ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ለካ አላጠፋሁትም! እናቴ ማታ ማታ እንደምታደርገው ለጠዋት ዳፍኜው መጥቻለሁ። ሳቄ አመለጠኝ። ማዳም ዞር ብላ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ ማስኬን መልሼ አጠለቅሁ።

ልብሴ አሁንም ጭስ ጭስ ይላል። ያ ረመጥ አመዱ ሥር እስካሁን ቀይ ነው። ጠዋት ማን ሊጭረው ይሆን?