ሰው ይሸኛል ስለተባለው ፍሪጃችን

ለክቡር ጋሼ ዑቅባማርያም
የኢምባካሲ መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር

ጤናዎ ይብዛ፤ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎ የጉልበት ሕመም ይተውዎት፤ ቤትዎም መብራት አይጥፋበት። እኔ ዮሳን ነኝ፣ የፍረዝጊ ልጅ፤ ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ የምቀመጠውና ስሜ ሲጠራ ወለል ወለሉን የማየው። ባለፈው እሑድ ኮሚቴው በቤታችን ፍሪጅ ላይ ውሳኔ ሲያሳልፍ እጄን ለማውጣት ብሞክርም እጄ ከጉልበቴ አልነሳ ስላለኝ፣ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ጽፌ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ።

ስብሰባው ላይ ላልተገኙ አንባቢዎች ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጁ መጀመሪያ የእትዬ ዓይናለም ነበር፤ ዕቃውን ሸጦ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከዌስትላንድስ ከሚለቅ ቤተሰብ አሮጌውን ገዝተውት ዓመት ሳይሞላቸው አውስትራሊያ ገቡ። ለአቶ ተስፋኣለም ተዉላቸው፤ እሳቸውም ከነልጆቻቸው ካናዳ ሄዱ። ከዚያ ወንዳፍራሽ ተረከበው፤ ወደ ሦስተኛ አገር መሄጃ ፕሮሰሱ ሞቷል ተብሎ የተለቀሰለት ወንዳፍራሽ ዝናቡ ሳያባራ ኖርዌይ ደረሰ። ያኔ በሰፈሩ “ይሄ ፍሪጅ ሰው ይሸኛል” ተባለ። ለእኛ የደረሰን እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አሁን አሥራ ስድስት ሆኖኛል፤ እኛም ፍሪጁም እዚሁ ነን። ስለዚህ ኮሚቴው ፍሪጁ እኛ ቤት “መሥራት ስላቆመ”፣ የመሄጃ ኢንተርቪው ለደረሰለት ለእህትዎ ልጅ ለቶሚ በመጪው ቅዳሜ እንዲሰጥ ወስኗል።

ስለዚህ ውሳኔ ያለኝን ምስጋና ከቅሬታዬ መለየት ስላቃተኝ ሁለቱን አንድ ላይ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ “መሥራት አቁሟል” ስለሚለው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ስላልገፋሁ ይሆናል እንጂ የፍሪጅ ሥራ ማቀዝቀዝ ይመስለኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ ያቀዘቅዛል። ቀድመን የምንከፍለው የመብራት ቶከን ሲያልቅብን ይተኛል፤ ቶከን ስናስገባ ያለ ኩርፊያ ይነሳል። ዕቃ ጠጋኙ ፉንዲ ሳኒ አንድ ጊዜ የበሩን ጎማ ቀይሮለታል፤ እጀታው ሲወልቅ አባቴ ከአሮጌ ቀበቶው ቆርጦ ሠራለት፤ ከዚህ ሌላ በእነዚህ ዓመታት ከእኛ የጠየቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው በማኅበራችን ቢገኝ ኖሮ ሊቀመንበር አድርገን በመረጥነው ነበር፤ ስላልተገኘ ግን በእርስዎ ተጽናንተናል፤ እናመሰግናለን።

2ኛ፦ ስለ እናቴ ስለ ሙሉሸዋ። የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን ኮሚቴው በሚገባ ያውቃል፤ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ጠይቃችኋታልና። ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው በፍሪጁ በር ላይ፣ በሌላ ቤት እንቁላል በሚደረደርበት ቦታ ነው። ቤታችን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሻማ እንኳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። እናቴ ይህንን ለማስረዳት ስትነሳ እርስዎ “ሙሉሸዋ፣ እኛ ልጆች ሳለን ፍሪጅ የት ነበር? ሁሉም በእንስራ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ማን ሞተ?” ብለው ቤቱን አሳቁት። እናቴም ለአክብሮትዎ ስትል አብራ ሳቀች። ማን እንደሞተ በእርግጥ ለማወቅ የሞቱትን መጠየቅ ይሻል ነበር፤ እነሱ ደግሞ ስብሰባ አይመጡም።

3ኛ፦ ስለ ምትኩ። ፍሪጁ ከተወሰደ በኋላ መዋጮው ሲሟላ አዲስ እንደሚገዛልን ቃል ተገብቶልናል፤ ስለ ደግነታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለአዳራሹ መጋረጃ የተጀመረው መዋጮ እስኪሟላ እኔ አድጌ ትምህርት አቋርጫለሁ፤ ፀሐዩም ዛሬም እንደ ልቡ ይገባል። አባቴ እንደ ምንም ድምፁን አጥርቶ “ታዲያ አዲሱን ለቶሚ ገዝታችሁ አሮጌውን ለእኛ ብትተዉትስ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ እትዬ ጽጌረዳ ከኋላ ወንበር “አዲሱ እኮ ገና ማንንም አልሸኘም፣ ፍረዝጊ” አሉት። ኮሚቴውም በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። አባቴም ተቀመጠ።

4ኛ፦ ፍሪጁ እኛ ቤት ሲደርስ የደነዘዘው በቤታችን የተሸሸገ ኃጢአት ስላለ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሁለት የጸሎት እህቶች ስለ መላካቸው። እህቶች መጥተው፣ እጃቸውን ፍሪጁ ላይ ጭነው፣ እንባ እስኪያወጡ ጸለዩለት። ቀጥለው ለእናቴ ይጸልያሉ ብዬ ወንበር አቀረብኩ፤ ነገር ግን የማታቱ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ነበር።

የሚቀጥለው ቅሬታ ይሁን ሌላ ነገር ስላላወቅኩ ቁጥር አልሰጠሁትም። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ይንቀጫቀጫሉ፤ እኔም ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ። ለምን እንደምነሳ አላውቅም። መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ቁጭ ስል ሌላ ያልፋል። ሰፈራችን ሁሉ እንደ እኔ ነው። ማንም ቁምሳጥን አይገዛም፤ ማንም ግድግዳው ላይ ምስማር አይመታም፤ “ልንሄድ አይደል እንዴ” ይባላል። ልንሄድ ስለሆነ የሚሰበር ወንበር እንገዛለን፤ ሲሰበር ሌላ የሚሰበር እንገዛለን። አልጋ ሥር ያለው የአባቴ ሻንጣ ዚፑ ዝጎ አልከፈት ብሏል። ጓደኞቼ ሂያብና ኤልሻዳይ ሄዱ፤ መጀመሪያ በየቀኑ ይደውሉ ነበር፤ አሁን በበዓል ቀን ፎቶ ይልካሉ። ሰው ሁሉ በሚሄድበት ሰፈር ውስጥ የሚቀር ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም፤ ለራሴም የገባኝ የእኛው ሊወሰድ ነው ሲባል ነው። ጠዋት እናቴ የፍሪጁን በር ስትከፍት የሚሰማኝ ድምፅ ዛሬም አለች ማለት ነው። ያንን ሳልሰማ ከፍራሼ አልነሳም። እናንተ አልሠራም ያላችሁት ፍሪጅ ይህን ሁሉ ዓመት እናቴን አቆይቶልኛል። ሰውን ማቆየት እንደ መሸኘት በስብሰባ አይጨበጨብለትም፤ ለእኔ ግን ሥራ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ የምኮኮቴኒ ጋሪ እየገፉ የሚመጡት ልጆች በከንቱ ደረጃ እንዳይወጡ በትሕትና አስታውቃለሁ። አባቴ ያን ቀን ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ፈረቃ ላይ ነው። እናቴ በሯ ላይ የቆመን ሰው መመለስ አይሆንላትም። በሩ ላይ የምገኘው እኔ ነኝ። መናገር ስለማይሆንልኝ ሊያግባቡኝ ባይደክሙ ጥሩ ነው፤ መልሴ እምቢ ነው፤ እዚሁ ጽፌዋለሁ። ቶሚ ኢንተርቪውን እንዲያልፍ ከልቤ እመኛለሁ። ፍሪጁን መንካት ይረዳኛል ካለ በማንኛውም ቀን ይምጣና ይንካ፤ ጫማውን ብቻ በር ላይ ያውልቅ፣ በሩንም ከፍቶ አይተወው።

ስለ መሄዳችን አጥብቀው ስላሰቡልንና ስለ መኖራችን ግን አንድም ቀን እንዲጨነቁ ስላላስቸገርንዎ እያመሰገንኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ የኮሚቴዎም ስብሰባ እንዲያጥር እየጸለይኩ፣

አክብሮት እንጂ ፍሪጅ የማልሰጥዎ ታናሽ ልጅዎ፣
ዮሳን ፍረዝጊ
ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ

ማስታወሻ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ባለቤትዎ እትዬ ኣብረኸት ደረጃው ላይ አገኙኝ። በሁለት ፌስታል ሥጋ ይዘው ነበር። በቅርቡ ከመሃል ከተማ ከነዋስትናው የገዛችሁት ፍሪጅ ዛሬ ጠዋት ድንገት ቆሞባቸው ኖሮ “ለቶሚ ጸሎት ያዘጋጀሁት ነው፤ እስከ እሑድ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ፣ የእናንተው ይታመናል” ብለው ሰጡኝ። ተቀብዬ፣ ቦታ አመቻችቼ አስገብቼላቸዋለሁ። ቅዳሜ ፍሪጁን ለማስወሰድ አሁንም ከቆረጡ፣ ሥጋው የት እንደሚያድር ለእትዬ ኣብረኸት እርስዎ ራስዎ ቀድመው ቢነግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።