የእናቴን የእጅ ቋንቋ ስለማውረስ

እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት አጽፋለሁ። ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ምሉዕ ነው፤ የሚጠራጠር ካለ መርፌ ያምጣ፣ ክሩን ያለ መነጽር አስገባለታለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ የልጄ ነው። በየክረምቱ ጣሪያው ላይ የወጣው እሱ ነውና።

ሁለተኛ፤ የስፌት መኪናዬ ለምራቴ ይሁን። ዐሥር ዓመት ሙሉ ስፌቷን ስነቅፍ ኖርኩ እንጂ እጇስ ከእጄ ይሻላል።

ሦስተኛውን ስናገር ማንም አያቋርጠኝ። እናቴ መስማት የተሳናት ነበረች። እኔ አፌን የፈታሁት በእጄ ነው። የሰፈር ልጆች «የዲዳ ልጅ» ሲሉኝ አፈርኩባትና፣ ሳገባ በቁሟ «እናት የለኝም» አልኩ። ከዚያም ዕድሜ ልኬን፣ ለሰው የምጠቅምበት አንድ ስጦታ ስጠኝ እያልኩ እግዚአብሔርን ስጨቀጭቀው ኖርኩ። መዝሙርም ሞክሬ ነበር፤ ድምፄን የሰማ ያውቀዋል።

የልጅ ልጄ መስማት ተስኗት ስትወለድ፣ ምራቴ ሐኪሙ ፊት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብላ አለቀሰች። እኔም «በእኛም የለም» አልኩ። ሰባት ዓመት ልጅቱ ቀሚሴን እየጎተተች ልታስረዳኝ ስትታገል፣ የፈለገችው እየገባኝ እጄን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሣሁም።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝቼ፣ ከጎኔ አንዲት መስማት የተሳናት ሴት ታቃትት ነበር። ነርሷ የት እንደሚያማት ማወቅ አቃታት። ሳላስበው በእጄ ጠየቅኋት፤ ምልክታችን ሁሉ ባይገጥምም ተግባባን። ሴትየዋ እየሳቀች አለቀሰች። እግዚአብሔር ሳልለምነው ሰጥቶኝ ኖሯል፤ እኔ ግን የሰጠኝን ደብቄ ሌላ አምጣ ስለው ከረምኩ። እናቴን ካድኩ፣ የልጄንም ልጅ አፍ አሳጣኋት። ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እጄ የሚያውቀውን ሁሉ ለልጅ ልጄ አውርሻለሁ። ይህ ውርስ ግን ከቀብሬ በኋላ አይገኝም። ሐኪሙ የተናገረው ስለ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ልጅቱን ያምጡልኝ። ወላጆቿም አብረው ይማሩ፤ እኔ ስሄድ የምታወራው ሰው ያስፈልጋታል። ቢቀየሙኝ እውነት አላቸው።

ሲነበብልኝ ቃሌ ነው ብያለሁ፤ እፈርማለሁ።

ምስክሮች፦ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ፤ ጡረተኛው መምህር፤ ባለሱቋ፤ ከሆስፒታሉ የመጣችው ነርስ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ሦስተኛው ሲነበብ የተናዛዧ ምራት ተነሥተው ወጡ። ከሁለቱ ገጾች የመጀመሪያው እንደተፈረመ ልጃቸውን ይዘው ተመለሱና አልጋው ላይ አስቀመጧት። «ይቅር አላልኩዎትም» አሉ። «ግን ይጀምሩላት።» የተናዛዧ እጆች በሥራ ላይ ስለነበሩ የሁለተኛው ገጽ ፊርማ ለነገ ተላልፏል።