ከነጥቁር ልብሴ ላስመረቃችሁኝ

ለተከበሩ ኦቦ ዓብዲሳ፣
በአምቦ ከተማ የኀዘንተኞች ምክር አገልግሎት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ ኀዘንም ደጃፋችሁን እንዳይረግጥ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢረግጥ ወደ ማን እንደምትሄዱ ስለማላውቅ ነው።

ልጄ ለንሳ በባኮ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ከሞተችብኝ ወዲህ፣ የቢሮዎ አማካሪ ማኅሌት በየሐሙሱ ቁጭ ብላ ስታዳምጠኝ ከርማለች። ስለዚህ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ስለ ፍጻሜው ነው።

አንደኛ፣ በመጨረሻው ሐሙስ ስመጣ ዳቦ ተቆርሶ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ ተመራቂዎች» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ምረቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈተና አለው፣ የሚያልፍ አለ፣ የሚወድቅ አለ። የልጄን ሞት የትኛውን ጥያቄ መልሼ እንዳለፍኩት ቢነግሩኝ ሌሎች እናቶችን አስጠና ነበር።

ሁለተኛ፣ በንግግርዎ «አብረን የጀመርነውን ጉዞ በስኬት አጠናቀናል» ብለዋል። ማኅሌትን ግን ቀድማችሁ ወደ ሸነን አዛውራችኋት ኖሮ በአዳራሹ አልነበረችም። የት ሄደች ብዬ ስጠይቅ «ርክክብ ተደርጓል» ተባልኩ። ማን ማንን እንደተረከበ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኔን የተረከበኝ ሰው ግን አላየሁም።

ሦስተኛ፣ እንደሚያውቁት ኀዘንተኛ ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም፤ የቅርብ ሰው ለምኖ፣ አባብሎ ያወልቅለታል፣ ሌላም ያለብሰዋል። እህትም ሌላ ልጅም ስለሌለኝ፣ በቃኝ ባልኩ ቀን ማኅሌት ልታወልቅልኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ያን ሐሙስ ነጭ ነጠላ በፌስታል ይዤ ነው የመጣሁት። እናንተ አጨበጨባችሁልኝ፤ ፌስታሉን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ስለ ዳቦውና ስለ ጭብጨባው፣ በተለይም እኔ የማላውቀውን መዳኔን ቀድማችሁ ስላወቃችሁልኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

«ከእንግዲህ ራስዎን ችለዋል» ብለው በጨበጡት በዚያው እጅ የጻፍኩልዎ፣
አክባሪዎ ዘቢደር

ማስታወሻ፦ መግቢያችሁ ላይ «ስኬታማ ተመራቂያችን» ብላችሁ የሰቀላችሁትን ፎቶዬን አይቼዋለሁ። ከነከሌ ነኝ። ወይ አውርዱት፣ ወይ ሰው ልካችሁ ከሌን አስወልቁኝና እንደገና አንሱኝ። ነጠላው እስካሁን ከፌስታሉ አልወጣም።