በተዝካር የተበላ ቀለብ

ደብረ ታቦር፣ ጋፋት

ለወንድምዓለም ይሻው፣

መተማ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ቆመን ለመሄዳችን እግዚአብሔር ይመስገን።

የልጄ የዝናሽ መርዶ ከአረብ አገር የደረሰኝ ዕለት ገብስ እያጨድሁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ማሳው ዳር መጥተው ሲቆሙ ማጭዱን ጣልሁት።

አርባዋን አወጣሁላት። የፈታት ባሏ ምትኩ ከተዝካሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ጤፍ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ፍርድ ቤት ለልጃቸው ለትዝታ የቆረጠበትን ቀለብ ከልክሎ ለስደት የዳረጋት እሱ ነው። ሆኖም ለሙት የመጣ እህል አይመለስምና ተቀበልሁት። ጋግረን ካህናቱንና ነዳያኑን አበላንበት።

ሰው በልቶ ሳይነሣ ምትኩ ቆመና፣ «ያ ጤፍ የልጄ የትዝታ ቀለብ ነው፤ አባቶች ምስክር ሁኑኝ» አለ።

«እናቷ በሕይወት ሳለች መንገዱ ጠፍቶህ ነበር?» አልሁት።

«እኔ ሰጥቻለሁ፤ ለቄስ ያበሉት እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

ሽማግሌዎቹም «አባት አባት ነው» ብለው መረቁት፤ የልጅ ልጄን ቀለብ ጎርሰው።

ትዝታ እኔ ዘንድ ደህና ናት። አባቷ አዲስ ጫማ ገዝቶላታል። የትምህርት ቤት መልቀቂያዋንም መምህሯን ጠይቆ ነበር አሉ። እኔ ሰሞኑን ገበያ መሄድ ትቻለሁ፤ በሩንም በቀን እቀረቅራለሁ። ሥራ ካልያዘህ ፋሲካን ሳትጠብቅ ናልኝ፤ ሽማግሌ ፊት የወንድ ዘመድ ቃል ይሰማል።

ልጆችህን ሳምልኝ። የዝናሽ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው። አንተም፣ ይህን የሚያነብልህ ሰውም፣ በጸሎት አስቧት፤ ነፍስ ይማር በሉልኝ።

እኅትህ ብዙነሽ