ግድግዳ ላይ የማይቀር ቃል

ጥቅምት 6

ዝናብ። ትራሙ ዛሬም ዘገየ፤ ከፒያሳ ቪቶሪዮ እስከ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም።

ሥራው ያው ነው። በየክሊኒኩ ተራ የሚጠራውን የኤልኢዲ ሰሌዳ እንሠራለን… በብርሃን ጭረት ፊደል የሚጽፈውን። ሰባት ጭረት ያለው አለ፣ ዐሥራ አራት ያለው አለ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ኮድ ሲጻፍለት ኖሯል። አሁን ሁሉንም የሚያስተናግድ አንድ ድራይቨር፣ ሰሌዳውን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ የዓለም ሰው በጋራ ለሚሠራው ለሊኑክስ ከርነል እየጻፍኩ ነው። ከሩቅ አገር በኢሜይል የሚገመግመኝ ሰው ዛሬም መልሶ ላከልኝ። አንዲት ነጥብ አታልፈውም።

ስገባ እማዬ «ይኼንንም ልትጽፊው ነው?» አለችኝ። ሁሉን ነገር እዚህ እንደምጽፍ ታውቃለች። ድምፅዋ እንደሻከረ ነው። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ጉንፋን ነው… አይደል?

ጥቅምት 15

ጉንፋን አይደለም። ጉሮሮዋ ውስጥ ካንሰር አለ። ድምፅ የሚያወጣውን አካል እንዳለ ቆርጠው ያወጡታል።

ስንወጣ «አሎራ፣ እንግዲህ ዝም ልል ነዋ» አለች። «ሠላሳ ዓመት እዚህ የጣሊያን ሽማግሌ ሳነሳ ስጥል አንድ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።» ሳቀች። እኔ አልቻልኩም፤ አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 19

የሚናገር ታብሌት አሳየኋት። አልወደደችውም። «የብረት ድምፅ በእኔ ስም አይናገርም።»

ስለዚህ ከቢሮ አንድ አሮጌ ሰሌዳ ለምኜ አመጣሁ። በትንሽ ኪቦርድ ትጽፋለች፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ይወጣል፤ ከበር ሆኖ ይነበባል። ረጅም ከሆነ እየተንሸራተተ ያልፋል። የእኛ ፊደል ግን በዐሥራ አራት ጭረት አልገባ አለ። ተ ይወጣል፣ በ ይወጣል… ጨ ጋ ስደርስ እጄን ሰጠሁ። «በስልክ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍኩልሽ አይደል እንዴ? ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብላ ገላገለችኝ።

ጥቅምት 26

ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። እራት ላይ በስሜ ጠራችኝ። «ምን ልስጥሽ?» አልኳት። «ምንም። ልጥራሽ ብዬ ነው።»

ጥቅምት 27

ተደረገላት። በሰላም ወጣች።

ኅዳር 12

ቤት ገባች። ሰሌዳው በራልን። መጀመሪያ የጻፈችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሾርባው ጨው የለውም።»

ገምጋሚው አዲስ ጥያቄ አመጣ። የሚጽፈው ፕሮግራም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጽሑፉ ምን ይሆናል? ሌላ ጽሑፍ እስኪመጣ ሰሌዳው ላይ ይቆያል ብዬ መለስኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኅዳር 21

ከቅዳሴ በኋላ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ሰዎች ሊጠይቋት መጡ። ጋሼ ጸጋይ፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት እትዬ ተብለጽ፣ ሌሎችም። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ጠዋት የጻፈችው ሰሌዳው ላይ እየተንሸራተተ ነው ለካ… «ሲኒት ነይ፣ አልጋው ረጥቦብኛል።» ሁሉም አነበቡት። ሁሉም ያላነበቡ መሰሉ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ከሄዱ በኋላ ጻፈች። «ስናገር ቃሌ ግድግዳ ላይ አይቀርም ነበር። ይኼም አይቅር።» ቀጥላ ደግሞ፣ «የትም አታስቀምጪው። አንቺ ሁሉን ማስቀመጥ ትወጃለሽ።»

እሺ አልኩ። እየሳቀች ጨመረች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው፤ ቃል ገብተሻል።»

ሳቋ ድምፅ የለውም። አልለመድኩትም።

ኅዳር 24

ሠራሁት። ጽሑፉ ሁለቴ ያልፋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ እንዲጠፋ ድራይቨሩ ውስጥ አስገባሁት። ማህደረ ትውስታውም ይጸዳል። ዱካ አይተውም።

እማዬ ሞከረችው። ስለ ጋሼ ጸጋይ ክራባት የጻፈችውን እዚህ አላሰፍርም፤ ቃል ቃል ነው። ሲጠፋ አጨበጨበች።

ጥር 9

ሳንባዋ ጋ ደርሷል አሉ። እንግዲህ ቤቷ ትሁን አሉ።

ጥር 25

ብዙ አትጽፍም። «ውሃ»። «መስኮት»። አንዳንዴ ስሜን ብቻ ትጽፍና አየት አድርጋኝ ትተኛለች። ገምጋሚው ጽፎልኛል፤ ጽሑፉ ለምን እንደሚጠፋ አልገባውም። አልመለስኩለትም።

የካቲት 2

እማዬ አረፈች።

ፋርማሲ ሄጄ ነበር። ለህመሟ የሚሰጣት ጠብታ አልቆ…

የካቲት 5

ዛሬ ሰልስቷ ነበር። ልጻፈው።

እማዬ ስታርፍ እትዬ ተብለጽ አጠገቧ ነበሩ። ዛሬ ሰው ሲያንስ ኩሽና ተከትለውኝ ገቡ።

«ሲኒት ልጄ፣ ይቅር በይኝ። እናትሽ ጽፋ ነበር።»

«መቼ?»

«አንቺ እንደወጣሽ። መነጽሬን ሳሎን ረስቼው ነበር። ላመጣ ዞር አልኩ፣ ስመለስ ሰሌዳው ጨልሟል። ድገሚው አልኳት… እጇ እምቢ አለ።»

«ውሃ ይሆናል እትዬ። ውሃ ፈልጋ ይሆናል።»

መዋሸት አይችሉም። «ረጅም ነበር። ይንሸራተት ነበር።»

አቀፍኳቸው። ምን ጥፋት አለባቸው? ከዚያ ክፍሌን ዘግቼ ሰሌዳውን ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። የሚፈለግበትን ቦታ ሁሉ አውቃለሁ። ሁሉንም ፈለግኩ። ባዶ። እንዳይቀር አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ በደንብ ነው የሠራሁት።

የተናገረችው ጠፋ፣ የወለደቻት ቀረች። ተረቱን ገልብጠነው አረፍነው።

የካቲት 20

ረጅም ነበር አሉ። ረጅም ምን?

መጋቢት 11

ቢሮ ተመለስኩ። የገምጋሚው ደብዳቤ ይጠብቀኝ ነበር። ትሑት ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ይቺን የማጥፋት ነገር ግን ብታወጪያት፤ ማን ይፈልጋታል? ይላል።

አወጣኋት። ጥቂት መስመር ናት፤ ጊዜ አልፈጀችም። ቀድሞ አውጥቻት ቢሆን ኖሮ እትዬ ተብለጽ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡልኝ ነበር። እኔም ከፋርማሲ ተመልሼ አነበው ነበር። እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ በቀይ እየዞረ… እንግዳ በገባ ቁጥር ሁሉም ሰው እያነበበው።

ሁሉም ሰው እያነበበው።

ነጠላዋን እንዴት እንደሳበችው ትዝ አለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ቢሮ ውስጥ፣ በቀን።

መጋቢት 12

መስመሮቹን መለስኳቸው። ለገምጋሚው እንዲህ ጻፍኩለት። ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ጽሑፉ እንዲቆይ ይሁን፤ ተጠቃሚ ሲፈልግ ግን እንዲጠፋ ማዘዝ ይቻል። ምክንያት፦ አንዲት ተጠቃሚ ጠይቃለች።

ከሰዓት በኋላ መለሰ። ተጠቃሚዋ ሞክራዋለች ወይ? እንደፈለገችው ሆኖላታል ወይ?

አዎ አልኩት። እንደፈለገችው።

መጋቢት 30

ድራይቨሩ ተቀባይነት አገኘ። የሥራ ባልደረቦቼ ፕሮሴኮ ወይን ከፈቱ፤ እኔም ቀመስኩ።

ቤት ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ሰሌዳውን አበራሁ። ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ለእማዬ ጻፍኩላት። ረጅም ነው። በቀይ እየተንሸራተተ አንዴ አለፈ፣ ሁለቴ አለፈ፣ ከዚያ ክፍሉ ጨለመ።

ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፍም።