አንድ እጅ ቀለም ሲጠብቁ ያለፉት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ጡት ሳይጥሉ እናታቸው ስላረፉባቸው አዝለው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1963 ዓ.ም. አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ሆነው ተቀጠሩ። ቀኑን ሙሉ ለመኪና ሲሰፉ ይዋሉ እንጂ መሳፈር አይሆንላቸውም፤ አውቶቡስ ገና ሞተሩ ሲነሳ ያስመልሳቸው ነበር። ባልደረቦቻቸው በዚህ ሲስቁባቸው አብረው ይስቁ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የዚያው ጋራዥ ቀለም ቀቢ ከነበሩት፣ የቀቡት መኪና ፊት ስለሚያሳይ «መስታወት» ከሚባሉት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ጡረታ ሲወጡ ባልና ሚስቱ አልጋና ምድጃ ያላት፣ እንደ ቤት የሚኖሩባት አሮጌ መኪና ገዙ። እትዬ ጋደም ብለው፣ ሲብስባቸውም እያረፉ፣ ሩቅ ክፍለ ሀገር ያሉትን ያሳደጓቸውን ታላቅ እህታቸውን እንዲያዩ ነበር ሐሳቡ። ሞተሯ ደህና ነው፤ ውጪዋን ግን ዝገት ጨርሶታል። መስታወት አሮጌውን ቀለም ፍቀው፣ የተበሳውን ቆርቆሮ አስበይደው፣ ስቱኮ መትተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀቧት። እትዬም መጋረጃ ሰቀሉ፤ ሻንጣቸውን አስገቡ። በማግስቱ መስታወት ጎንበስ ብለው በፀሐይ ሲያዩት ጎኗ ወጣ ገባ አለባቸውና እንደገና ፋቁት። ግራው ሲያምር ቀኙ አስጠላቸው። ክረምት ገብቶ እርጥበት ቀለሙን አሳበጠው፤ ያም ተፋቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም፤ እጃቸው የነካው ነገር እንከን ይዞ ከግቢ እንዲወጣ አልሆን ብሏቸው ነው።

የታላቅ እህታቸው ዓይን መጥፋቱ የተሰማ ዕለት እትዬ አመረሩ። «እንግዲህ እሷም አታይልህ! ለማን ብለህ ነው የምትቀባው? በዝገቷ ውሰደኝ!»

«አንድ እጅ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ትንሽ ታገሺኝ» አሉ ባለቤታቸው።

ባለፈው ዓመት እትዬን የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ሐኪሞችም መንገድ ከለከሏቸው። ያን ጊዜ መስታወት ደንግጠው ያለ ዕረፍት ይቀቡ ጀመር። እትዬ በመስኮት እያዩ «ተው፣ አጠገቤ ቁጭ በል» ሲሏቸው፣ እጃቸውን በቤንዚን እያጠቡ «መጣሁ» ይሉ ነበር። ግንቦት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. እትዬ ሲያርፉ ባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ነበሩ።

ዛሬ አስከሬናቸውን ወደዚህ ያመጣችው ያችው መኪና ናት። ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ሌላ በሕይወት ያሉት ታላቅ እህታቸው፣ ሰው እየመራቸው በአውቶቡስ ደርሰዋል። ጠዋት የመኪናዋን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሰው፣ «እንዲህ ለስልሶ ነበር እንዴ ልጄ የቀረችብኝ?» አሉ።

ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ በቀኙ ያኑርልን። ባለቤታቸው ቀለሙ ከጥፍራቸው ሳይለቅ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመዋል፤ ለእሳቸውም ጽናቱን ይስጥልን።