ከመሸንቲ ወዲያ ያለው ቀይ ጉብታ

ኅዳር 3፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፔዳ ግቢ፣ ቢሮዬ

ዛሬም ካርታው ላይ ነኝ። ከምሳ ጀምሮ አልተነሣሁም። ጣና በመስኮቱ በኩል አለ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። የሁለተኛ ዓመት የሥነ ምድር ተማሪዎቼን መስክ የማወጣበት ቀን አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ስድስት መቆሚያ ምልክት አደረግሁ፦ የምናየው ድንጋይ፣ ከፍታው፣ ከአስፋልቱ ያለው ርቀት። ከመሸንቲ ወዲያ ወዳለው ቀይ ጉብታ አቋራጭ አገኘሁ። 4 ኪ.ሜ ብቻ። በቀይ አሰመርሁት።

የሳተላይት ምስሉን ሳቀርበው እጄ ቆመ። ከጉብታው ሥር አንድ ትልቅ ዋርካ። አወቅሁት።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አባባ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሹፌር ነበሩ። እማዬ ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል ነበር። ሁለት በጋ እዚያ ዋርካ ሥር በድንኳን ኖርን። ሰባት ዓመቴ ነበር። መቆፈሪያው ከመሬት ሆድ የሚያወጣውን ድንጋይ በየጥልቀቱ ደርድሬ ስጫወት እውል ነበር። ዛሬ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚያው ጨዋታ ነው።

ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ላፕቶፑን ቤት ይዤ መጣሁ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ምስሉ ላይ አጎነበሱ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያን ዘመን አንሥተው አያውቁም። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ጎመን ተክላ ነበር።»

የእማዬን ስም አልጠሩም። ጎመኑ ትዝ አለኝ። የዕቃ እጣቢ ታጠጣው ነበር።

ቀዩን መስመር ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን መንገድ ማን ነገረሽ?»

«ሳተላይት ነው ያነሣው፣ አባባ።»

«በበጋው እኩሌታ አንሥቶት ይሆናል። ዋልካ አፈር ነው፣ ልጄ። በኅዳርም ጎማ ይይዛል።»

ጊዜው ተለውጧል አልኋቸው። አነጋገሬ ጥሩ አልነበረም። መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡ። ከፋኝ።

ኅዳር 5፣ ረፋድ 4 ሰዓት

የድሮ ምስሎችን በየወሩ ከፈትሁ። ያሰመርሁበት ከዓመታት በፊት በየካቲት የተነሣ ነው። በኅዳር ምስሎቹ ላይ መንገድ የለም። ጥቁር ጭቃ፣ የሚያብለጨልጭ ውኃ። የመኪና ዱካ ሁሉ በምሥራቅ ዞሮ ያልፋል። አባባ ልክ ነበሩ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ይዤ እዚያ ልሰምጥ ነበር። አፈርሁ።

ሌላም አየሁ። በአዲሱ ምስል ዋርካው የለም። ቦታው በሙሉ ባሕር ዛፍ። ምን ልበላቸው?

ኅዳር 6፣ ጧት

ነገርኋቸው። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ዋርካው። ማን እንደቆረጠው አልጠየቁም። ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ያኔ የቆፈርነው ጉድጓድስ አሉኝ፤ አሁንም ሰው ይቀዳበታል ወይ? ካርታው ያን አያሳይም አልሁ።

«እንግዲያ ሄጄ ልየው።»

«የሚያምዎት እግርስ?»

«እግሬ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሣቅሁ። እሳቸውም ሣቁ። አብረን ከሣቅን ስንት ጊዜያችን።

ት/ክፍል ኃላፊው ጋ ደወልሁ። ዙሪያውን እንሄዳለን፣ አንድ መቆሚያ ይሰረዛል አልሁ። አጉረመረመ። ፕሮግራሙ ታትሟል አለ። ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ቀድመን መንገዱን እናያለን። እኔ እነዳለሁ፣ አባባ ይመሩኛል።